ቱሊፕ በጣና ዳር፦ ከፍሪጅ እስከ በረንዳ

መስከረም አጋማሽ

ዕቃው ደረሰ። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ካለ አስመጪ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። ካርቶኑ ውስጥ ቀይና ቢጫ ቱሊፕ አለ። ነጭ ናርሲስም አለ። ሁለቱም አበባ ናቸው። ለማያውቃቸው ሁሉም ሽንኩርት ናቸው፤ ቡናማ ልጣጭ፣ ሹል አናት፣ ከታች ሥር የሚወጣበት ጠፍጣፋ መቀመጫ። ይህን ራስ ኮረት እያልኩ እጽፋለሁ።

ሐሳቤ ቱሊፕን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ለጥምቀት ሰሞን ማፍካት ነው። ጎን ለጎን ግቢው ጥግ የተተከለውን የጅብ ሽንኩርት እከታተላለሁ። እሱ አገርኛ ነው፤ ማንም ሳይነካው በየዓመቱ ያብባል። ሁለቱን አብሬ ማየት የፈለግኩት በምክንያት ነው። አበባ እምቢ ሲለን ወይ አፈሩን እንወቅሳለን ወይ ውሃ እንጨምራለን። ኮረት ላይ ግን ይህ ብዙም አይሠራም። አበባው ገና ሳይተከል ውስጡ አለ። የሚፈልገው በቅጡ ማረፍ ነው። ቱሊፕ የሚያርፈው በብርድ ነው፤ የእኛው ደግሞ በደረቁ ወራት።

አንዱን ቱሊፕ መሥዋዕት አደረግኩት። ከአናቱ እስከ መቀመጫው በስል ቢላ ሰነጠቅኩት። ዙሪያው ነጭና ወፍራም ቅርፊት ነው፤ ምግቡ እሱ ነው። መሃሉ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቡቃያ ቆማለች። በአጉሊ መነጽር ሲያዩዋት ስድስት የአበባ ቅጠል፣ ስድስት የወንዴ ክር፣ መሃል ላይ ሴቴው ክፍል ተሟልቶ ተቀምጧል። ይህ ሁሉ የተሠራው ኮረቱ ከመሬት ወጥቶ መጋዘን ውስጥ በነበረበት የሙቀት ወር ነው። እኔ የምጨምርለት ነገር የለም። መንገድ መክፈት ብቻ ነው።

ከዚያ ለቀማ። ሻጋታ ያለባቸውን ለየሁ። ላይ ላዩን ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ ብቻ ከሆነ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ኮረቱ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። የሚያስፈራው ፉሳሪየም የሚባለው ነው። ኮረቱ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ሲያሸቱት ይኮመጥጣል። የታመመው ኮረት ኢቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ያ ጋዝ የጎረቤቶቹን ቡቃያ ውስጥ ለውስጥ ያደርቃል። የሸተቱኝን አውጥቼ ጣልኩ።

በማግሥቱ

የፍሪጅ ድርድር። ባለቤቴ ካርቶኑን አየት አድርጋ፣ «የአትክልት መሳቢያውን ሙሉ ልትወስደው ነው?» አለች። አዎ። ቱሊፕ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ከ9 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት። የእኛ ፍሪጅ ወደ 5 ዲግሪ ነው፤ ቴርሞሜትር ከትቼ አየሁት። ባሕር ዳር በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ወደ 8 ዲግሪ ቢወርድም፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ያበቃል። ቀኑ ከ25 ዲግሪ ያልፋል። ይህ ለቱሊፕ ብርድ አይባልም።

የዱር ቱሊፕ አገሩ መካከለኛው እስያ ነው፤ የቲየን ሻንና የፓሚር ተራሮች። እዚያ ረጅም በረዶ አለ፣ ከዚያ አጭር እርጥብ ወቅት፣ ከዚያ የሚያቃጥል ደረቅ በጋ። ተክሉ በዚያች አጭር ወቅት ቅጠልና አበባ አውጥቶ ስንቁን ቋጥሮ መሬት ውስጥ ይገባል። ብርዱ ሲያልፍበት ግንዱን የሚያስረዝመው ሥርዓት ይከፈታል። ብርድ ካላገኘ አበባው በቅጠሎቹ መሃል ታፍኖ ይቀራል፣ ወይም ሳይወጣ ይደርቃል። ሆላንዶች ቱሊፕን ከወቅቱ ውጭ ሲያስፈኩ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ያበርዱታል።

ከባለቤቴ ጋር በሁለት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ ማንጎና ሙዝ ከፍሪጁ ይውጡ። የሚበስል ፍሬ ያንኑ ኢቲሊን ያወጣል። ባሕር ዳር ተቀምጦ ፍሪጅን ከማንጎ ማጽዳት ቀላል አይደለም፤ ልጆቹ ተቆጥተዋል። ሁለተኛ፣ በየከረጢቱ ላይ በትልቁ «አይበላም» ተብሎ ይጻፍ። ፍርሃቷ ልክ ነው። በ1944 እና 1945 (እ.ኤ.አ.) የረሃብ ወራት ሆላንዶች የቱሊፕ ኮረት ቀቅለው በልተዋል፤ መሃሉን መራራ ቡቃያ እያወጡ። የናርሲስ ኮረት ግን ሊኮሪን የሚባል መርዝ አለው። ትውከትና ቁርጠት ያመጣል። አንድ ራስ ወጥ ውስጥ ቢገባ ቤቱ በሙሉ ሆስፒታል ነው። ስለዚህ ናርሲሱን ከወጥ ቤቱ ጭራሽ አስወጣሁት። ደረቅና ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። እሱ ብርድ አያስፈልገውም።

ለከረጢት የወረቀቱን ተጠቀምኩ። ፌስታል ላብ ይይዛል፤ ከዚያ ሻጋታ ነው። ጥቂት ቱሊፖችን ደግሞ ሆን ብዬ ከናርሲሱ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ተውኳቸው። ብርድ ያላገኘ ምን እንደሚሆን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ጥቅምት

ይህ ወር ሥራ የለውም። መሳቢያውን መክፈት፣ ማሽተት፣ መዝጋት። መብራት ሲጠፋ ግን ሩጫ ነው። ያልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። አንድ ቀን ከዚያ በላይ ጠፋ። የውሃ ጠርሙሶች አስቀድሜ አቀዝቅዤ መሳቢያው ውስጥ ደርድሬ ስለነበር ቴርሞሜትሩ ከ9 ዲግሪ አላለፈም። እነዚህ የተራራ ልጆች ለጥቂት ሰዓት ሙቀት አይደነግጡም። የሚጎዳቸው ለቀናት ሲደጋገም ነው።

ሥራ ሲጠፋ ማንበብ ነው። የዚህ አበባ ታሪክ ከእኛ ሐይቅ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ደስ ይላል።

ቱሊፕን በአትክልት ስፍራ አሳድገው ያከበሩት ኦቶማኖች ናቸው። የኦስትሪያው ፈርዲናንድ መልእክተኛ ኦጂዬ ደ ቡስቤክ በ1550ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሱልጣን ሱሌይማን ዘንድ ሄዶ ነበር። በመንገዱ ያየውን ቱሊፕ በደብዳቤው ጽፏል። ከዚያ የዕፅዋት ሊቁ ክሉሲዩስ በ1593 ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ኮረቶቹን ይዞ ነው የሄደው። በሚቀጥለው ዓመት አበበለት። ሰዎች ሽጥልን አሉት፤ እሱ ዋጋውን ሰቀለ። በመጨረሻ ሌሊት እየገቡ ሰረቁት። የሆላንድ የቱሊፕ ንግድ አንዱ ሥር ይህ ስርቆት ነው ይባላል። በዚያው ዘመን እዚህ አፄ ሠርፀ ድንግል ነበሩ፤ ከእንፍራንዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ የእሳቸው ነው ይባላል።

ሆላንድ ውስጥ የቱሊፕ ዋጋ ያበደበት ግርግር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነጋዴዎች መሬት ውስጥ ያለን፣ ገና ያላዩትን ኮረት በወረቀት ውል ይሻሻጡ ጀመር። መሸጫው መሸታ ቤት ነው። በየካቲት 1637 ሀርለም ከተማ አንድ ቀን ገዥ ጠፋ። ዋጋው በቀናት ውስጥ ተንኮታኮተ። በአንዳንድ ጽሑፍ ላይ አገሪቱ በሙሉ ከሰረች ይላል፤ የተጋነነ ነው። የተጎዱት ውሉ ውስጥ የነበሩት ናቸው። ጎንደር በ1636 ተቆረቆረች ስለሚባል፣ አፄ ፋሲል ከተማ ሲያቀኑ ሀርለሞች በሽንኩርት ራስ ይካሰሱ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ግርግር እጅግ የተወደደው ሴምፐር አውጉስቱስ ይባል ነበር። ነጭ ላይ እንደ እሳት ነበልባል ቀይ የተረጨበት። ያን ነበልባል የሚያመጣው በሽታ ነበር። ክሽክሽ፣ ማለትም የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው ቫይረስ ነው። ይህን በ1928 በሙከራ ያሳየችው እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ኬይሊ ናት። ቫይረሱ ቀለሙን እየበታተነ ኮረቱን ያደክማል። ስለዚህ በጣም ውዱ ኮረት ለመራባት በጣም ሰነፉ ነበር። ገበያው የተሳከረው በታመመ ተክል ነው ስል ጓደኞቼ ይስቃሉ። እኔ ግን ለቀማ ላይ ጨካኝ የሆንኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ኦቶማኖቹ ራሳቸው ከዚያ በኋላ ተራቸውን አብደዋል። ከ1718 እስከ 1730 የነበረውን ዘመን የቱሊፕ ዘመን ይሉታል። የወደዱት ቅርጽ ከሆላንዶቹ የተለየ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ። የኮረት ዋጋ በመንግሥት ደረጃ ይተመን ነበር። መጨረሻው ዓመፅ ሆነ፤ ሱልጣን አሕመድ ሣልሳዊ ከዙፋን ወረዱ።

ኅዳር መጀመሪያ

የናርሲስ ተራ። ይህኛው ነጭ ዓይነት ከሜዲትራኒያን ምዕራብ፣ ከስፔንና ከሞሮኮ ወገን ነው። እዚያ ብርዱ ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ ፍሪጅ አይጠይቅም። አፈርም አይጠይቅም። ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ጠጠር ደረደርኩ። ጠጠሩን ከሐይቁ ዳር ከሚሠራ ግንባታ ነው የለቀምኩት፤ ታጥቦ ነው የገባው። ኮረቶቹን ትከሻ ለትከሻ አስጠጋኋቸው። ውሃው መቀመጫቸውን ብቻ ይንካ፤ ከፍ ካለ ይበሰብሳሉ።

እዚህ አገር ያለው ችግር ሌላ ነው። ሙቀቱ ስለሚበዛ ቅጠሉ ይመዘዛል፣ አበባው ሳይከፈት ይወድቃል። መድኃኒቱ አስቂኝ ነው። አሜሪካ የሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውሃው ውስጥ ከ4 እስከ 6 ከመቶ አልኮል ቢገባ ተክሉ በሲሶ ወይም በግማሽ እንደሚያጥር አሳይተዋል። አልኮሉ ሥሩ ውሃ እንዳይጠግብ ያደርገዋል፤ አበባው ግን አይጎዳም። እኔም ጠርሙሱ ላይ 40 ከመቶ የሚል አረቄ ገዛሁ። አንድ እጅ አረቄ፣ ሰባት እጅ ውሃ። 5 ከመቶ ይሆናል። ቡቃያው ጥቂት ሳንቲሜትር ሲደርስ ንጹሑን ውሃ ደፍቼ ይህን ተካሁ። ጠጅና ጠላ አይሆንም። ስኳራቸው ያበላሸዋል።

«አበባ የሚያሰክር ሰው ዛሬ አየሁ» አለች ባለቤቴ። ለማነፃፀር አንዱን ሳህን በውሃ ብቻ ተውኩት።

ኅዳር መጨረሻ

ልዩነቱ ግልጽ ነው። የውሃው ሳህን ቅጠል ረዝሞ ተንጋዷል፤ በሲባጎ አስሬዋለሁ። የአረቄው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አጭርና ጠንካራ ነው። ቡቃያው አብጧል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

ናርሲሱ አበበ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ከባድ ሽታ ነው፤ ማታ በረንዳ ላይ አወጣዋለሁ።

ቱሊፖቹም ከፍሪጅ ወጡ። ብዙዎቹ አናታቸው ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ጫፍ አውጥተዋል። ማሰሮው ቀላል ነው፤ የዘይት ጀሪካን ለሁለት ተቆርጦ ታቹ የተበሳ። አፈሩ ላይ ግን ጊዜ ወስጃለሁ። የሰፈራችን ጥቁር አፈር ውሃ ይይዛል። ሆላንዶች ኮረት የሚያለሙት ከባሕር ዳርቻው ጀርባ ባለ አሸዋማ መሬት ላይ ነው፤ ውሃው ወዲያው ያልፋል። እኔም ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቀልኩ። ጥሬ ፍግ አላስገባም፤ ያበሰብሳል።

በመቀመጫው ዙሪያ ያለውን ቡናማ ልጣጭ በጣቴ ገፈፍኩ። የፈረንጅ አበባ አምራቾች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሥሩ ልጣጩን ሲታገል ጊዜ አያባክንም። ኮረቱ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋውን ወደ ማሰሮው ግድግዳ አዞርኩ። የመጀመሪያው ትልቅ ቅጠል የሚወጣው በዚያ በኩል ስለሆነ ወደ ውጭ ይጋደማል፤ መሃሉ ለአበባው ይቀራል። አናታቸው ከአፈሩ ጋር እኩል ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን የኮረቱን ቁመት ሦስት እጥፍ መቅበር ይገባ ነበር። ማሰሮ ውስጥ ግን ለአንድ ጊዜ አበባ ነውና ሥሩ ቦታ ቢያገኝ ይሻላል።

በረንዳው ወደ ሰሜን ነው፤ ከፀሐዩ ይተርፋል። ማሰሮዎቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩ። ውሃው ሲተን ያበርዳል። ሥር በደንብ የሚሠራው አፈሩ ሲቀዘቅዝ ነው። የቁም ሣጥኖቹንም በዚያው ቀን፣ በዚያው አፈር፣ ለብቻቸው ተከልኩ።

ጥር፣ ከጥምቀት በፊት

ግንዶቹ ወጡ። በየቀኑ ለውጣቸው ይታያል። በመጨረሻዎቹ ቀናት አረንጓዴው ቡቃያ ከጎኑ ቀላ። ግን ጦጣ ቀደመችኝ። ሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ያውቃል። በረንዳ ላይ ወጥታ ቡቃያ ቀነጠሰች፣ አንዱን ቀመሰች፣ ተፋች፣ ሌላውን ደግሞ ሞከረች። ከእሷ በኋላ የወባ አጎበር ዘረጋሁ።

ለጥምቀት ዋዜማ የቀሩት ተከፈቱ። ቀዩ ቀን ቀን ፀሐይ ሲያገኝ ይዘረጋል፣ ማታ ይዘጋል። ይህ የሙቀት ሥራ ነው፤ የአበባ ቅጠሉ ውስጠኛ ክፍል ሲሞቅ ከውጭኛው ፈጥኖ ያድጋል። ቁመታቸው እኩል አይደለም። አንዳንዶቹ ከጉልበት በታች ቆንጆ ሆነው ቆሙ። አንዳንዶቹ ግን ቅጠላቸው መሃል አጥረው ቀሩ። ጥቂት ሳምንት ብርድ ቢጨመርላቸው ይረዝሙ ነበር። የቁም ሣጥኖቹ ደግሞ አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ናቸው። አንዱን ከፍቼ አየሁት። አበባዋ ታች እንደ ደረቀ ወረቀት ተጨማዳ አለች። አፈሩ አንድ፣ ውሃው አንድ። ልዩነቱ መሳቢያው ነው።

ጎረቤታችን ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለሱ ገብተው አዩ። ዕድሜያቸው ከእናቴ ይበልጣል። መጀመሪያ «ሰላሙን ይስጣችሁ፣ እንዴት ያምራል» አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሐይቁ ገብቶ ሌላ እምቦጭ እንዳይሆንብን?» አሉኝ።

ጥያቄው ልክ ነው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በሐምራዊ አበባው ነው፤ ሰው ለውበት እያለ ኩሬ ውስጥ አሳደገው። ጣና ላይ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ታየ፤ ከዚያ በኋላ ዓሣ አጥማጁም ታንኳ ቀዛፊውም ያየውን መከራ ሁላችን እናውቃለን። «እማማ፣ ይሄኛው ፍሪጅ ከሌለ አበባ እንኳ አያወጣም፤ ውሃ ውስጥ ቢገባ በሳምንት ይበሰብሳል» አልኳቸው። «እንዲያ ከሆነ ደኻ ነው» አሉ። ቢጫውን ቆርጬ ሰጠኋቸው። ከናርሲስ ጋር አንድ ብርጭቆ ውስጥ እንዳያስገቡት ነገርኳቸው። የናርሲስ ግንድ ሲቆረጥ የሚያወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ቱሊፕን ቶሎ ያጠወልጋል።

የካቲት

ሙቀቱ መጣ። ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ። ኮረቱ የሚቀጥለውን ዓመት ስንቅ የሚያጠራቅመው አበባው ከረገፈ በኋላ ነው፤ ለዚያ ሳምንታት ቀዝቃዛ ብርሃን ይፈልጋል። ባሕር ዳር ይህን አይሰጥም። አውጥቼ ሳያቸው ትልቁ ኮረት ወደ ጥቃቅን ፍርፋሪ ተበታትኗል። ኮምፖስት ገቡ። በማሰሮ የሚያስፈኩ ነጋዴዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ወጪውን ለሚያስብ ሰው እውነቱ ይህ ነው፤ ቱሊፕ እዚህ የአንድ ጊዜ ዕቃ ነው።

ግንቦት

የጅብ ሽንኩርቱ። ከጥቅምት ጀምሮ ጠብታ ውሃ አላገኘም። ቅጠሉ ደርቆ ረግፎ ነበር፤ ባዶ መሬት ይመስላል። የመጀመሪያው ዝናብ ከዘነበ በኋላ ነጠብጣብ ያለው ወፍራም ግንድ ቅጠል ሳይቀድመው ብቅ አለ። ከዚያ ቀይ ኳሱ ተከፈተ። በአንድ ኳስ ላይ እስከ 200 ጥቃቅን አበባ ሊኖር ይችላል።

ገጠር የጅብ ሽንኩርት የሚባለው አንድ ተክል ብቻ አይደለም፤ ሌሎች የዱር ኮረቶችም በዚሁ ስም ይጠራሉ። የእኔው በሳይንስ ስሙ ስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ ነው። ቀድሞ ሄማንተስ ከሚባለው ወገን ይቆጠር ነበር፤ ኢብ ፍሪስና ኢንገር ኖርዳል በ1976 (እ.ኤ.አ.) ለይተው አስቀመጡት። የቱሊፕ ዘመድ አይደለም፤ ቤተሰቡ ከናርሲስ ጋር ነው። መርዙም እንደዚያው ነው። ልጆችና ከብት እንዳይነኩት አጥር አለው።

ሰኔ መግቢያ

አበባው ረገፈ፣ ቅጠሉ ተተካ። ከእናቲቱ ጎን ያሉትን ልጆች ለይቼ ለጎረቤታችንና ለጠየቁኝ ሁሉ እየሰጠሁ ነው። ከገዳማቱ ጫካ መንቀል አያስፈልግም፤ ግቢ ውስጥ ያለው ይራባል። አተካከሉን ለሚወስዱት በወረቀት ጽፌላቸዋለሁ፤ አንገቱ ከአፈር በላይ ይታይ፣ ግማሽ ጥላ ይሁን፣ ክረምቱን ሙሉ ቅጠሉ አይቆረጥ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ውሃ የሚባል አይጠጋው።

ለሚቀጥለው መስከረም ትዕዛዝ ላክሁ። ናርሲሱ በርከት ይላል። ቱሊፑ ጥቂት ነው፤ እሱም ለ16 ሳምንት ይገባል፣ አበባውም ከጥምቀት ወደ የካቲት መግቢያ ይሸጋገራል። ባለቤቴ የመሳቢያውን ግማሽ ፈቅዳለች። ማንጎው ላይ ገና እየተደራደርን ነው።